ማነው ይሄን ክፍት የተወው?

ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉ፣ ሰው የሚሠራበት ቢሮ ሁሉ፣ «ማነው ይሄን ክፍት የተወው?» እያለ የሚዞር አንድ ሰው አያጣም። በሩን፣ መሳቢያውን፣ የስኳሩን ዕቃ፣ የጥርስ ሳሙናውን ሳይቀር! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ ደህና አድርጎ ይመርምር፤ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የስልክ መሥሪያ ቤቱ የመሣሪያ ክፍል ግን ከሁሉም የላቁትን ታድሏል፦ ክቡር ጋሽ ክዳንን። ስሙን ያወጣችላቸው አብራቸው የምትሠራው ቴክኒሻን ናት። እሳቸውም ውለታዋን አላስቀሩባትም፤ «ችኩሏ» አሏት።

ክፍሉ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ካቢኔቶች ቆመው ቀን ከሌት ያጉረመርማሉ። በየካቢኔቱ የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ የሚያልፈው በነሱ ነው። አንዱ ተበላሽቶ ሲወጣ ቦታው ክፍት ይቀራል። ለችኩሏ ክፍት ቦታ ያው ክፍት ቦታ ነው። ለጋሽ ክዳን ግን መዓት ነው!

«የማራገቢያው ንፋስ በዚህ አቋርጦ ሾልኮ ይወጣል እኮ፣ ልጄ። ከወዲያ ያሉት ካርዶች በሙቀት ይለቁልሽ?» ይሉና ከኪሳቸው ጠፍጣፋ የብረት ክዳን መዥረጥ! ሌላው ሰው ኪሱ ውስጥ መሐረብ ይይዛል፤ እሳቸው ክዳን።

ካርድ ማስገባትማ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው። ገላ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ካርዱን ድምፅ ሳያሰማ ይገድለዋልና፣ መጀመሪያ የእጃቸውን አንጓ በሽቦ ከካቢኔቱ ብረት ጋር ያስራሉ። ከዚያ «ጠርዝ ጠርዙን ያዢ! ቀጥ አድርጊው! ቀስ… ቀስ… አትግፊው፣ ሸኚው! ቀጭ እስኪል!» ችኩሏ ቀጭ እስኪል ጡረታ የምትወጣ ይመስላታል።

አንድ ቀን እንዲህ ታስረው ሳሉ የኮሪደሩን በር ተከፍቶ አዩት። «ማነው ይሄን…» ብለው ተፈተለኩ። ሽቦው የት ሊሄድ! እሳቸው ናቸው እንደ ላስቲክ የተመለሱት። ችኩሏ እየሳቀች ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አውቶቡስ ላይ ደግሞ የአንዲት ሴትዮ ቦርሳ ዚፑ ተከፍቶ አይተው፣ በቅን ልቦና እጃቸውን ሰደዱ። «ሌባ!» ተባለ። «ልዘጋው ነው እንጂ!» ብለው ተማጸኑ፣ ሁለት ጎረምሶች አንቀው ይዘዋቸው።

«የሚዘጋ ሌባ ገና ዛሬ አየሁ» አለ ትኬት ቆራጩ።

ባለቤታቸውስ ቢሆኑ? «ድስቱን ሁሉ ከድኖ ጨርሷል፤ ቀጥሎ የኔን አፍ ነው የሚከድነው» ይላሉ።

«ምነው ከኚህ ሰውዬ የሚገላግለኝ ባገኝ!» ስትል የኖረችው ችኩሏ፣ እናቷ ወድቀው እግራቸው ተሰበረና ልታስታምም ፈቃድ ወጣች። ፈቃዱ ተራዘመ። በዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ባዶ ወንበር ላይ የሚያንዣብበው ብዙ ነው። «ቦታሽን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው አሉ» የሚለው ወሬ እናቷ አልጋ አጠገብ ድረስ መጣ። እሷንም እናቷንም የሚያኖረው ያ ሥራ ነው። እንቅልፍ አጣች።

በተመለሰች ጠዋት በሩን በርግዳ ገባች። ወንበሯ ላይ ሰው የለም። አንድ የብረት ክዳን ተቀምጦበታል።

«እኔማ ሰው አምጥቼ ነበር» አሉ የክፍሉ ኃላፊ ከኋላዋ። «ኧረ እኚህ ሰውዬ አላስቀምጥ አሉኝ! “ባዶ አይደለም፣ ተከድኗል። ካርዱ ሲመጣ ይነሳል” ይሉኛል። ያመጣሁት ሰው ክዳኑን ባነሳ ቁጥር እየመለሱ ሲያስቀምጡ፣ መሮት ሄደ።»

ጋሽ ክዳን ምንም እንዳልተፈጠረ ክዳናቸውን አንስተው ኪሳቸው ከተቱና ወንበሩን ያዙላት።

«ቀጥ በይ… ቀስ… ቀስ…»

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቸኩል ተቀመጠች። አሮጌው ወንበር ቀጭ አለ።

«አዎ! እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ወዲያው ዓይናቸው እሷ የገባችበት በር ላይ አረፈ፤ ግንባራቸው ተኮማተረ። «ማነው ይሄን ክፍት የተወው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ!» አለች ችኩሏ፣ ፊቷ በእንባና በሳቅ ርሶ። «እኔ ነኝ!»