ቃሬዛው በሁለት ምክር ቤት

«ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ማሻሻያ አለን» አሉኝ አቶ ኦይቻ፣ ወረቀቱን መልሰው እየሰጡኝ።

ሐሳቡ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ማርታ ከንጋት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ልጁ በእግሩ መጥቷል ብለዋል ጎረቤታችን እትዬ ባሎቴ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው፣ አቃተኝ ብለው እጃቸውን ሲያነሡ ያየሁት ዛሬ ነው። ሶዶ ከተማ፣ ኦቶና ሆስፒታል መድረስ አለባት። መንገዱ ጭቃ፣ መኪና የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ። የቀረን በማኅበራችን ቃሬዛ ተሸክሞ መውሰድ ነው፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ቃሬዛው አቶ ኦይቻ ቤት ተቆልፎበታል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ፣ እሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር የእኔ ሳሎን ውስጥ።

ታዲያ ምን ይጠበቃል? የሁለት ምክር ቤት ስምምነት።

ይህን ሕግ ማን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ነኛ!

መምህር ነኝ። ለኮርስ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ አንድ ዘመዴ ፓርላማ አሳየኝ። ሕዝብ የመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለብቻው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለብቻው። አንዱ የተቻኮለበትን ሌላው ረጋ ብሎ ያየዋል አለኝ። እንዴት አልወደው? የእኛ ማኅበር በተሰበሰበ ቁጥር ሽማግሌና ጎረምሳ ለድብድብ ይጋበዛል። ወደ ሰፈሬ እንደተመለስሁ ለሁለት ከፈልኋቸው። ጎረምሶቹ መምሪያቸውን መረጡ። የሽማግሌዎቹን መወሰኛ ማን ሾመው? ራሳቸው። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ወረቀት አመላልሳለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጠብ አላየንም። አንዱ የሌላውን ድምፅ ካልሰማ በምን ይጣላል?

ማሻሻያው፣ መንገዱ ስለሚያንሸራትት ስምንት ሰው ይሸከም ይላል። ሮጥሁ። የጎረምሶቹ መምሪያ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጧል።

«ስምንት ይሁን፣ ጋሼ» አለኝ ሊቀ መንበሩ ዳልኬ። «ግን የምንሸከመው እኛ ነን። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉም እኛ ዘንድ ይሁን።»

«የቁልፉን ነገር ነገ...»

«ነገማ ማን ይሰማናል?»

እውነቱን ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው።

ወደ ሳሎን። አቶ ኦይቻ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «አየህ? ድሮም የፈለጉት ቁልፉን ነው» አሉ። ከግድግዳው ማዶ ማርታ ጮኸች። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቁልፉ እኛ ዘንድ፣ ጓጉንቸሩ እነሱ ዘንድ ቢሆንስ አለ።

«አባባ፣ በፈጠረዎ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«እኔ ብሰጥህ ደስታዬ ነው፣ ልጄ። ግን ምን ብለህ ነበር ያስፈረምኸን?»

አውራ ጣታቸውን ቀለም የቀባሁት እኔው ነኝ።

በአራተኛው ምልልስ ተስማሙ። ሁለት ቁልፍ ይሠራ። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ሊያመጡ ሮጡ። ወረቀቱን እያውለበለብሁ መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። ወደ ውጭ የሚያወጣው በር የለም። መዝጊያው ከነማጠፊያው ተነቅሏል። አብረዋት የነበሩት የጎረቤት ሴቶችም የሉም።

ሮጥሁ። ከኋላዬ ስምንት ጎረምሶች ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው ይሮጣሉ። ከእነሱ ኋላ አቶ ኦይቻ፣ በከዘራ።

ኦቶና ስደርስ የቤቴ መዝጊያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጭቃ ለብሷል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጭቃ ብቻ አይደለም። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። የማርታ ድምፅ ግን የለም።

በሩ ገርበብ አለ። እትዬ ባሎቴ ናቸው፤ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል።

«ማርታስ?»

«አለች። ውሃ ጠጣች።»

ወደ በሩ ተጠጋሁ። «እንግዲያው ልግባ።»

ስምንቱን ከነቃሬዛቸው አዩአቸው። ከዚያ እጄን።

«የሁለቱም ቤት ፈቃድ አለህ?»

«አለኝ!» አልሁና ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

«እዚህ ደግሞ ሦስተኛ ቤት አለ» አሉና በሩን ዘጉት።