ሊቀ ተጠራጣሪያን ጋሽ ደምሰው እና የዓሣ ነባሪዋ ልጅ

በየሰፈሩ ምንም የማያምን አንድ ሰው አለ። ሌባ ቢጠፋ እሱ አይጠፋም። የብስራተ ገብርኤሉ የእኛው፣ ሊቀ ተጠራጣሪያን ጋሽ ደምሰው፣ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው። የታክሲ ረዳት «መካኒሳ! መካኒሳ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጮኽ፣ «መካኒሳ ነው?» ይሉታል።

«አዎ አባቴ!»

«በእናትህ ሞት?»

እድር ላይ ሰው ሞተ ሲባል፣ እኛ ነጠላ ስናዘቀዝቅ እሳቸው «ማን አየ?» ብለው ይነሣሉ።

እሑድ ከሰዓት ወይዘሮ ትሩፋት ቤት ቴሌቪዥን ከበን ነበር። ስለ አንዲት ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ይተረካል፤ ከአካሏ ሲሶው ጭንቅላት ነው። «ዓሣ አይደለችም፤ አየር ትተነፍሳለች፣ ልጇን ታጠባለች» አለ ተራኪው።

ጋሽ ደምሰው ብድግ አሉ። «ታጠባለች? እንግዲያው በጾም አትበላም! ይህን ዓሣ ነው ብለው ሊያስበሉን ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ሊያመጣልዎት?» አሉ ወይዘሮ ትሩፋት።

እንደ ግንድ ቀጥ ብላ ቆማ ትተኛለች ሲባልማ ባሰባቸው። «ስንት ዓመት ዘበኛ ሆኜ፣ እኔ እንኳ ቆሜ አልተኛሁም!»

ተራኪው ቀጠለ፦ እናቲቱ ምግብ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ስትወርድ ግልገሏ መከተል አይችልም፤ ሌሎቹ እናቶች ከላይ ቀርተው በተራ ይጠብቁላታል።

«ነጭ ውሸት! የሌላውን ልጅ በነፃ የሚጠብቅ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ጥግ የተቀመጠችው ጎረቤታችን አረጋሽ ሕፃኗን ዝማሬን ወደ ደረቷ ሳበች። ብቻዋን የምታሳድጋት ናት። ክር ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ሰኞ ትገባለች፤ ልጇን የሚይዝላት ካጣች ሥራው ለሌላ ይሰጣል። የመጣችው እኛን ልትለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይህን ስትሰማ ለመሄድ ነጠላዋን ሰበሰበች።

ደሜ ፈላ። «ዓሣ ነባሪ የምታደርገውን ካላደረግን ምኑን ሰው ሆንን?» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እይዛታለሁ» ያለ ግን የለም።

ጋሽ ደምሰው አንድ በአንድ ቃኙን።

«ለእነዚህ እንዳትሰጪ» አሏት አረጋሽን። «ትሩፋት እንቅልፋም ናት። ይሄ ጯሂ ደግሞ ሕፃን ያስደነግጣል። አንዳቸውንም አላምንም። ለእኔ አምጪያት።»

ሰኞ ወተቱን ቀድመው ቀምሰው አጠጧት። ጉንጯን ልስም ብጠጋ በከዘራቸው መለሱኝ።

«ጉንፋን አለብህ።»

«የለብኝም ጋሼ!»

«ገና አልታወቀህም።»

ሲመሽ አረጋሽ እየሮጠች ገባች። ዝማሬ እሳቸው ትከሻ ላይ ተኝታለች። እጇን ብትዘረጋ፣ «መጀመሪያ ታጠቢ! የፋብሪካ ብናኝ አለብሽ» አሏት።

«ጋሼ፣ እናቷ እኮ ነኝ!»

«ብትሆኚስ!»

እየሳቀች ወደ ቧንቧው ሄደች።

ባለቤቴ በጥር ትወልዳለች። የእኛንም እንዲይዙልን ብለምናቸው «መጀመሪያ ይወለድና እናያለን» አሉኝ። እኔ ግን ከአሁኑ ሐሳቤን ጥዬ እየተኛሁ ነው።