ጥሪት ሲቋጠር

ሰው ገንዘብ ሲያጠራቅም «ጥቂት ቋጥሯል» እንላለን አይደል? የዛሬ ልጆች እንኳ ብሩን ስልካቸው ውስጥ አስገብተው «ቋጠርን» ይላሉ። ስልክ ምኑ ይቋጠራል? ነገሩ የመጣው ከእናቶቻችን መቀነት ነው። እናት ሳንቲሟን በመቀነቷ ጫፍ ጠቅልላ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ለመፍታት ጥርስ ይጠይቃል። ጥርስ እስኪደርስ ደግሞ ግማሹ አምሮት ይበርዳል። ጥበቡ እዚያ ላይ ነው።

እኔ ግን ገንዘቤን ባንክ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ከባዶ እጅ ተነስቼ መርሳ ላይ ቤት የሠራሁት ቆጥቤ ነው። በመቀነት በሚቋጥሩት እስቅ ነበር፤ በባለቤቴ በዘምዘም ጭምር።

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል በሬያችን ሞተ። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን የምናርስበት አንድ በሬ እሱ ነበር። መሬቱ ጦም ሊያድር ሆነ። ከዘምዘም ጋር ገበያ ወጣን። አንድ ከግራና የመጣ ሰው ሸጋ ቀይ በሬ ይዟል። ጥርሱን አየሁ፤ ሻኛውን ዳበስኩ፤ ተከራከርኩ። የያዝኩት ግን አልሞላም። «እዚሁ ጠብቂው» ብያት ወደ ባንክ ሮጥኩ። የባንኳ ልጅ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም፣ አባባ» አለችኝ። የት ሄደ? እሷም አታውቅም።

ስመለስ አንድ የውርጌሳ ነጋዴ ብሩን ጨብጦ በሬዬን ይዞራል። ሻጩም «ወላሂ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አልጠብቅም» አለኝ።

ይሄኔ ዘምዘም «እስቲ ዞር ይበሉ» አለችኝ። ዞርኩ። ቋጠሮውን በጥርሷ ስትታገለው ይሰማኛል።

«ይቺ የሽንኩርት ናት» አለች። ሌላውን ፈታች። «ይቺ የበርበሬ።» ደግሞ ሌላ። «ይቺ የዘይት።»

ሞላ። እንዲያውም ተረፈ።

በሬውን እየነዳን ስንመለስ ነው ሂሳቡ የገባኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሽንኩርት ተወደደ ያልሽኝ ሁሉ…»

«ባይወደድ ኖሮ ዛሬ ምን ይነዱ ነበር?»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኛ ቤት ሽንኩርት በአራት እግሩ ሄደ። ቁጠባ ከራስ ላይ መቀነስ ነው የሚሉም አሉ። ተሳስተዋል። ከባል ላይ ነው።

ትናንት ደግሞ ዘይት ጨመረ አለችኝ። ባለሱቁን ጠየቅኩት፤ አልጨመረም። ቢሆንም የጠየቀችኝን ሰጠኋት። ለቀዩ በሬ ጓደኛ ከጎረቤት መለመን ሰልችቶኛል።