የታምራት ኪቦርድና የወይዘሮ ኬይኮ ዝምታ

ታናሽ ወንድሜ ታምራት ወይዘሮ ኬይኮን በድሏቸዋል። እናታችን በሕይወት ብትኖር እንኳ ለእሱ አትፈርድለትም ነበር። ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ እኛና ስለ ዝምታ ትንሽ ላማርር። ፍቀዱልኝ፤ ባትፈቅዱም አልተውም።

እኛ ዝም ማለት አንችልም። ቤታችን ውስጥ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ ይለፈልፋል። ለቅሶ ቤት ትንሽ ጸጥ ካለ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ሀይዌዩ መጨናነቅ ያወራል። ጸሎት ቤታችንማ አይነሳ! ፓስተሩ ሲጸልዩ ከሥር ኪቦርድ፣ ማስታወቂያ ሲነበብ ከሥር ኪቦርድ፣ «ነጭ ቶዮታ መውጫውን ስለዘጋች ባለቤቷ ያንሳልን» ሲባል እንኳ ከሥር አንጀት የሚበላ ኪቦርድ አለ። ሰው መኪናውን ሊያነሳ የሚወጣው እንባውን እየጠረገ ነው። ተጫዋቹ ታምራት ነው።

ወይዘሮ ኬይኮ ደግሞ እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ ፕሌኖ ውስጥ፣ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው ጃፓናዊት የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። የሰርግ ዘፈን የሚያወጡ እንዳይመስላችሁ። ሰው ደህና ልብሱን ለብሶ፣ ሳሉን ዋጥ አድርጎ የሚያዳምጠውን ዓይነት ነው የሚጽፉት። የዓሣ ነጋዴ ልጅ ናቸው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህራቸው ሴት ትጫወታለች እንጂ አትደርስም አሏቸው፤ እሳቸው ደረሱ። ኢንጂነር ባላቸውን ተከትለው ቴክሳስ መጡና ቀን ቀን የሰፈሩን ልጆች ፒያኖ እያስተማሩ፣ ልጆቹ ሲሄዱ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እየጻፉ ኖሩ። አውሮፓ ድረስ ሄዶ የቀረበላቸው ሥራ አለ። ግን አንዴ ይጫወቱታል፣ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይጥሉትና «ደግሞ አዲስ የለዎትም?» ይሏቸዋል። እኔ ይህን ስሰማ እርር ድብን እላለሁ። እሳቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

አንዱን ሥራቸውን ግን አንዴ እንኳ የተጫወተላቸው የለም። ባላቸው ሲሞቱ የጻፉት ነው፤ መሣሪያ የለውም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ሁሉም ቀጥ ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታው ረጅም ነው። ምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ለካ ባላቸው ከሥራ ሲመጡ መኪናቸውን ጋራዥ አስገብተው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ቶሎ አይወርዱም ነበር፤ ብቻቸውን ትንሽ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ኬይኮ ኩሽና ቆመው፣ ማንኪያ እንኳ ሳያንኳኩ፣ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ዝምታው ያ ነው። እሳቸውም ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ በጆሯቸው ቢሰሙት ሌላ ምንም እንደማይፈልጉ ነገሩኝ።

የዳላስ ኳየሮች ይከብዳል ብለው መልሰውባቸዋል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ የኛ ኳየር ምን ሠርቶ ይበላል አልኩ። ፓስተራችን ቃል የሌለው መዝሙር ምን የሚሉት ነው ብለው ነበር፤ የመበለት ለቅሶ ነው ስላቸው እሺ አሉ። ልጆቹ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከሥራ እየወጡ ደክሟቸው እያዛጉ አጠኑት። ታምራት ልምምድ ላይ አልነበረም። ኪቦርድ ለሌለው መዝሙር ማን ይጠራዋል? ኤርፖርት ታክሲውን ይነዳ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ወይዘሮ ኬይኮ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ኳየሩ ፊት ቆሙ። መዝሙሩ ወጣ፣ ወረደ፣ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ጸጥ አለ። አየር ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል። እኔ ጋራዡ ታየኝ፤ ሰውየው መሪያቸውን እንደያዙ ታዩኝ።

ከዚያ ኪቦርድ።

ያው ለስለስ ያለው፣ የነጭ ቶዮታዋ ኪቦርድ! ታምራት ልጆቹ የረሱ መስሎት ሊያድናቸው ገብቷል። ሕዝባችንም ኪቦርድ ሲሰማ የሚያደርገውን ያውቃልና ዓይኑን ጨፍኖ ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ። ወይዘሮ ኬይኮ እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። በሩ ሳይከፈት ቀረ ማለት ነው።

ሲያልቅ ሰዉ በሙሉ ታምራትን እየዞረ አቀፈው። ፓርኪንግ ላይ ያዝኩት።

«እታለም፣ ሁሉም ፍሪዝ አድርጎ ነበር እኮ» አለኝ። «ሶ፣ ሴቭ አደረግኳችሁ። ማለቴ፣ ታንክ ዩ አይባልም?»

የጋራዡን ነገር ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን አልበረደልኝም። ወይዘሮ ኬይኮን ወደ ቤት ስወስድ እስከ ፕሌኖ ድረስ በእሳቸው ፈንታ ሰደብኩት። እሳቸው በመስኮት ያያሉ። ሰው ተበድሎ እንዴት አንድ ክፉ ቃል ይጠፋዋል?

በሳምንቱ ወንድምሽን አምጪው አሉኝ። እሰይ፣ ሊነግሩት ነው ብዬ አበባ አስይዤ ወሰድኩት። ይቅርታውን በግንባሩ ላብ ጠየቀ። እሳቸው ፓስተሩን እንዳስፈቀዱ፣ መዝሙሩ በድጋሚ እንደሚዘመር ነገሩትና፣ ኪቦርዱ ላይ እንዲቀመጥ የሚፈልጉት እሱን እንደሆነ ጨመሩበት። የያዝኩት የሻይ ማንቆርቆሪያ ሊያመልጠኝ ነበር። የሚጫወተውንም ጽፈው ሰጡት። ከላይ «ታምራት፣ ኪቦርድ» ይላል። ከዚያ እስከ ታች ድረስ የዝምታ ምልክት ብቻ ነው። ገለበጠው። ጀርባውም ያው ነው።

«ማም፣ እዚህ ላይ እኮ የምጫወተው ምንም ነገር የለም» አላቸው።

ወይዘሮ ኬይኮ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ከሁሉም የከበደው ያንተ ክፍል ነው። ቤትህ ሄደህ ተለማመደው።»