ሊቀ ቆጠራ ሙለታና የእድሩ መዝገብ

በየሰፈሩ አንድ "ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ ቀረው" የሚባል ሰው አይጠፋም። ያቺ ትንሽ ግን እንደ ተራራ ጉም ናት፤ ደረስኩባት ሲሏት ትሸሻለች። ሰፈርተኛው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል፤ ለእሱ አሁንም ትንሽ ቀርታዋለች። የልደታው ሙለታ ይባላል። በሰፈሩ አፍ ሙሉ ማዕረጉ "ሊቀ ቆጠራ ሙለታ" ነው፤ ለዶክትሬት ጥናቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ባሌ ተራራ እየተመላለሰ የደጋ አጋዘን ሲቆጥር ኖሯልና።

ማዕረጉን ያወጡለት የእድሩ ጸሐፊ አቶ ፈቃደ ናቸው። አቶ ፈቃደ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የእድሩን መዝገብ ሲይዙ አንድ ስርዝ አልተገኘባቸውም። ቀብር ላይ ስም ሲጠሩ ድምፃቸው እንደ ቅዳሴ ዜማ ይረዝማል። "አቤት" ያላለ "ቀሪ" ነው፤ ይግባኝ የለውም።

"ለመሆኑ ቆጥረህ ቆጥረህ ምን ልትሆን ነው?" አሉት አንድ ቀን ሻይ ቤት ደጃፍ።

"መቁጠር ብቻውንማ ምን ይረባል፣ ጋሽ ፈቃደ! ቁጥሩ ከዚህ ከወረደ፣ ግጦሹ ለአጋዘኑ እንዲተርፍ ከብቱ ከዚያ ሸለቆ ይውጣ ብለን አስቀድመን ተስማምተን ነው የምንቆጥረው። አለበለዚያ ትርፉ ወረቀት ነው።"

"ታዲያ ወስኑዋ!"

"አይ፣ አዝማሚያው ገና አልታየም።"

"አዝማሚያው ይታይ" አንዱ ዜማው ነው። ሁለተኛው ዜማው "ያልታየ ሁሉ የለም ማለት አይደለም" ነው። ጉም የዋጠውን አጋዘን ዓይኑ ባያየው፣ ኮቴውንና በጠጡን ፈልጎ ይቆጥረዋል።

ቀበሌው ለአይጥ መርዝ ሊያስነሰንስ ሲል "መጀመሪያ ስንት ናቸው?" ብሎ ያስቆመ እሱ ነው። ኮቴያቸው እንዲመዘገብ በየቤቱ ወለል ላይ ዱቄት ተነሰነሰ። ዱቄቱን አይጦቹ በሉት። በሦስተኛው ሳምንት ሊቀ ቆጠራ ፊቱ በርቶ "ጭማሪ አለ!" ብሎ አበሰረ፤ ያን ዓመት የልደታ አይጥ በጥናት ወፈረ።

ሻዩ እንዴት ነው ሲሉት "አንድ ብርጭቆ ናሙና አይሆንም" ብሎ ሦስት ይጠጣል። አንድ ጊዜማ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ፊት ለፊት ቆሞ፣ በሩቅ ማያ መነጽር ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ዘበኛው ያዘው።

"ማንን ነው የምትሰልለው?"

"አሞራ ነው።"

"አለቆቻችንን ነው አሞራ የምትላቸው?"

አቶ ፈቃደ ሄደው፣ ለምነው አስለቀቁት። እሱ ግን ምስጋና የለ፣ ምን የለ፤ "አሥራ ሰባት ደርሼ ነበር፤ አቋረጠኝ" ብሎ እስከ ቤቱ ድረስ አለቃቀሰ።

የእድሩ ሕግ ሦስት ቀብር ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰረዝ ይላል። በሚሌኒየሙ ዓመት ሙለታ ሦስት ቀረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ባሌ ነበር። የእድሩ ሴቶች ወዲያው ገጠሙለት፦

አጋዘን ቆጣሪ ጋራ ለጋራ፣
ማን ቆጠረህ አንተን ስምህ ሲጠራ።

ግጥሙ ቢያስቅም ነገሩ ግን አያስቅም ነበር። እናቱ እማማ ቦሰና በእሱ ስም ሥር ነው እድርተኛ የሆኑት፤ አልጋ ከያዙ ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ከተሰረዘ ቀናቸው ሲደርስ ጡሩንባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም። "ሞትስ ወጉ ነው" ይላሉ እማማ ቦሰና፣ "እኔን የሚያስፈራኝ ባዶ ደጅ ነው።"

ግንቦት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እድርተኛው ተሰበሰበ። ሙለታ የባሌ ጭቃ ከጫማው ሳይራገፍ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። አቶ ፈቃደ መነጽራቸውን አድርገው ተነሡ።

"አንደኛ፣ የባለ ሱቁ የአብዱልመናን እናት ቀብር፤ ቀሪ። ሁለተኛ፣ የሀረገወይን ባል ቀብር፤ ቀሪ። ሦስተኛ፣ የእንዳለች..."

እንዳለች የገዛ ሚስታቸው ነበረች። በእሷም ቀብር ላይ፣ እንባቸው መዝገቡ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ስም የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ "ቀሪ" ብለው የጻፉትም በገዛ እጃቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን መዝገቡ ላይ የለም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ፣ ወንበሩ ተሰበሰበ፣ ቤቱም እንደ ጉድጓድ ዝም አለ።

ድንኳኑ ሲተከል ሰው መች ይጠፋና፣
ወዳጅ የሚለየው ሲነሣ ነውና።

በአሥራ አምስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ሙለታ ነበር፤ ከአውቶቡስ እንደወረደ፣ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ። ገብቶ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። ወር ሙሉ፣ እንዳለች ጥሬ ትበትንላቸው የነበሩትን ርግቦች ሁለቱ አብረው ሲቆጥሩ ከረሙ።

ስብሰባው ላይ አቶ ፈቃደ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ መዝገብ የሚያውቀው እስከ ድንኳን ድረስ ነው" አሉ። "ይህ ልጅ የሚመጣው ግን ድንኳን ሲነሣ ነው። እኔ ቤት መጥቷል።"

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ያመሰግን ነበር። ሊቀ ቆጠራ ከኋላ እጁን አወጣ።

"ይቅርታ ጋሽ ፈቃደ፣ አንድ ቤት ናሙና አይሆንም። ሌላም ሰው ይጠየቅ።"

"ዝም በል አንተ! ልናድንህ እኮ ነው!" ብላ ጮኸች ሀረገወይን። ስብሰባው በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳይበርድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም ቤት መጥቷል" አለች። "ያን ሰሞን በሬን የገፋ እሱ ብቻ ነው።"

"እኔም ጋ" አለ አብዱልመናን። "ስንት ቀን ሱቄ ደጃፍ አብሮኝ ተቀምጧል። ደንበኞቼንም ሲመዘግብብኝ ነበር እንጂ!"

ስረዛው ቀረ፤ እማማ ቦሰናም እድርተኛ ሆነው ቆዩ። እድሩ መዝገቡ ላይ "ድንኳን ከተነሣ በኋላ" የሚል አዲስ ዓምድ እንዲጨመር ወሰነ። በማግስቱ አቶ ፈቃደ ዓምዱን በማስመሪያ አሰመሩ፤ ሐዘን የገባባቸውን ቤቶች እየዞሩ ማን እንደመጣ ጠይቀው ሞሉ። በሙለታ ስም አንጻር ያለው ቦታ ጠቦ ጽሑፉ ወደ ኅዳጉ ወጣ። የአብዛኛው ሰው ባዶ ነበር። ጣታቸው ወርዶ ወርዶ ከአንድ ስም ላይ ቆመ፤ "ፈቃደ" ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድም ቀብር ያልቀሩት ሰው፣ ከድንኳን በኋላ ሊያጽናኑ የአንድ ሰው ደጅ አልረገጡም።

ብዕሩን አስቀመጡ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። የሀረገወይን በር ገርበብ ብሏል።

"ምነው ጋሽ ፈቃደ፣ በደህና? ስም ሊጠሩ ነው እንዴ?"

"የለም፣ ልጄ። ልቀመጥ ነው የመጣሁት።"

ሀረገወይን ወደ ጓዳ ዞር ብላ፣ ከየካቲት ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበትን የባሏን ወንበር አወጣችላቸው።