አቶን ከወይዘሮ የለየው ማውጫ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሕልም አየሁ። በሕልሙ የተገኘነው አቶ ሙላት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ አንዲት ዶሮና እኔ ነበርን።

የምሠራው ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚተየብበት ሱቅ ነው። ሰሞኑን የሰፈራችንን ዕድር የታሪክ መጽሐፍ እየተየብኩ ነበር። የቀረኝ የስሞች ማውጫው ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ በፊደል ተራ ተደርድሮ በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ የሚነገርበት የመጨረሻው ክፍል። በየገጹ ያለውን ስም ምልክት ካደረጉበት በኋላ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሰበስበዋል።

በሕልሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ስክሪኑ እንደ በር ተከፈተና ገባሁ።

ውስጡ ሰፈራችን ነበር። ስሞቹን ከነማዕረጋቸው ምልክት ስላደረግኩባቸው አቶ የተባለው ሁሉ አ ሰፈር ታጉሯል፤ ወይዘሮዎቹ ወ ሰፈር ናቸው። ዶክተራችን አንድ ብቻ ስለሆነ ደ ሰፈር ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ትኩሳት ይለካል። የገጽ ቁጥሮች በየበሩ እየዞሩ ሰው ይፈልጋሉ።

"ገጽ አርባ ሁለት ነኝ። የሚገባብኝ ሰው አለ?" ይላል አንዱ።

አ ሰፈር ያረረ ሽሮ ይሸታል። ሽማግሌዎቹ፣ ልጃቸው የምሆነውን እኔን ሲያዩ፣ ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ። አቶ ሙላት ኮቴን ያዙኝ።

"ጋሼ፣ ሚስቴን መልሱልኝ። ቁልፉን ከተጫኑ ወዲህ አላየኋትም።"

በሁለቱ ሰፈሮች መካከል የዘበኛ ካፖርት የለበሰች ዶሮ ቆማለች።

"ማዕረግ ያለው አያልፍም" አለች። "ማታ ሁሉም ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ከታተሙ በኋላ እንደተለያዩ መቅረታቸው ነው።"

በአቶ ሙላት ራስ ላይ "አቶ" እንደ ቆብ ተደፍቷል። ቢጎትቱት አልወልቅ አለ።

"በእድሜ የሚያንሰው ሰው በባዶ ስሙ ሲጠራው ይወልቃል" አለችኝ ዶሮዋ።

እኔ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ ጠርቼ አላውቅም። እኩዮቼን ስጠራ እንኳ ድምፄ አይሰማም።

"ጋሽ ሙላት" አልኩ ቀስ ብዬ።

ቆቡ ወደ "ጋሽ" ተቀየረ፤ ነፋስ አንሥቶ ገ ሰፈር ጣላቸው።

"እዚህ ደግሞ ማንም የለም" የሚል ድምፃቸው ከሩቅ ተሰማ።

"አባባ ሙላት" አልኩ ደንግጬ። ተመልሰው አ ሰፈር፣ ሽሮው አጠገብ ወደቁ።

"ጋሼ፣ አያንከራቱኝ" አሉ አቧራቸውን እያራገፉ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ከወ ሰፈር አጥር ላይ ብቅ አሉ። "ምን ያስፈራዎታል ጋሼ? ይጥሩት እንጂ።"

"እርስዎ ለምን አይጠሯቸውም?"

"እኔማ ከተጋባን ጀምሮ 'ስማ' ነው የምለው። አሁን በስሙ ብጠራው የተጣላን ይመስለዋል።"

ዶሮዋ በሩን መዝጋት ጀመረች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ሙላት" ብዬ ጮኽኩ።

ቆቡ ወደቀ። ማንም አልተቆጣኝም። "ሙሉነሽ" ብዬ ደገምኩ። ሁለቱም እየሮጡ መ ሰፈር ተገናኙ። ዶሮዋ "ሉ ከላ ይቀድማል" ብላ ወይዘሮዋን ከፊት አቆመቻቸው።

"እዚህም ቀደምሽኝ?" አሉ ባልየው።

"ምን አዲስ ነገር አለው? ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ ከኋላዬ ነህ።"

ከዚያ ሰው ሁሉ "እኔንም ይጥሩኝ" እያለ ተሰለፈ። ድምፄ እንዲያ ወጥቶ አያውቅም። ደምሰው አልኩ፣ ተዋበች አልኩ፣ ዘርይሁን ስል ነቃሁ።

ጉንጬ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ነበር፤ ማውጫው ተሰብስቦ ስክሪኑ ላይ ወጥቷል። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ዘርይሁን ፊቴ ቆመዋል።

"ምን አልከኝ?"

"ምንም አላልኩም፣ ጋሽ ዘርይሁን።"

ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። "እኔ የቱ ጋ ነኝ?"

"ሊቀመንበር ተብለው ለ ላይ ገብተዋል። ግን ባልና ሚስቱ ሁሉ ተለያይቷል። ማዕረጉን አጥፍቼ ሁሉንም በስማቸው ላስተካክለው?"

"ያን ጊዜ እኔ የት እገባለሁ?"

"ዘ ላይ። ወደ መጨረሻው።"

"አሁንስ ከእኔ በላይ ማን አለ?"

"ማንም የለም።"

"ታዲያ ምን ጎደለው? አትንካው።"

መጽሐፉ ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤት ገባ። አቶ ሙላት አ ላይ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ ወ ላይ ናቸው።