ቤዚን የት እናስቀምጣት

[ቦንጋ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት። ከማዕረግ ቤት ደጅ፣ ዳገቱ ላይ፣ ዕድሜዋን ማንም የማያስታውስላት የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ቆማለች። ማዕረግ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው። ባለፈው ሳምንት የሁለት ቀን የተሽከርካሪ ደህንነት ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬት ይዞ ስለተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው ዝም ብሎ መኪና ውስጥ መግባት አቅቶታል። ዛሬ የአራት ወር ልጁን ቤዚን፣ ዋጫ ላሉት አማቱ ለጋሽ ኃይለመስቀል ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያሳይ ነው፤ ሽማግሌው ምሳ አሰናድተው ይጠብቃሉ። ሾፌሩ ለገሰ አፉን የፈታው በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን መርጦ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው። ማዕረግ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚናገር ሁሉ ቀስ ብሎ የሚገባው ይመስለዋል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ማዕረግ፦ ጋቢና የሚለውን ቃል ደግመህ እንዳታነሳብኝ ጋሽ ለገሰ። ሕፃን ጋቢና አይቀመጥም።

ለገሰ፦ እኔማ ላከብራት ብዬ ነው። እንግዳ ሲኖር ጋቢና ነው የሚሰጠው።

ማዕረግ፦ ክብር ሌላ፣ ደህንነት ሌላ። በስላይድ አሳይተውናል እኮ። አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ጋቢና ያለው ሰው ነው።

ለገሰ፦ ለዚህ ነው ኃላፊ ሁልጊዜ እዚያ የሚቀመጠው?

[ማዕረግ የለገሰን ፊት መረመረ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።]

ማዕረግ፦ እሱ ፕሮቶኮል ነው፤ አታደባልቅ።

ለገሰ፦ እሺ። እርስዎ ታዲያ ዛሬ የት ይቀመጣሉ?

ማዕረግ፦ ጋቢና ነዋ። አማቴ ደጅ በኋላ በር እየተንፏቀቅኩ ልውረድ? ባለፈው በሚኒባስ ብሄድ ምን አሉ መሰለህ? «ልጄን የዳርኳት ለተሳፋሪ ነው እንዴ?» አሉ፤ ጎረቤት እየሰማ። ዛሬ ከጋቢና ስወርድ ማየት አለባቸው።

ለገሰ፦ እንግዲያው አደጋው እርስዎን ያስቀድማል ማለት ነው።

ማዕረግ፦ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

[ከበረንዳው የሕፃን ወንበር አምጥቶ መሬት ላይ አኖረ። የሚስቱ የአልጣሽ እህት ትሁት ከአዲስ አበባ የላከችው ነው፤ ገና ላስቲኩ አልተነሳለትም።]

ማዕረግ፦ ይሄ ዝም ብሎ ወንበር አይደለም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙረህ ነው የምታስረው።

ለገሰ፦ ወደ ኋላ? ልጅቷ ወደ ዋጫ አይደለም የምትሄደው?

ማዕረግ፦ ወደ ዋጫ ነው።

ለገሰ፦ ወደ ኋላ ከዞረች እስከ ዋጫ ድረስ ቦንጋን እያየች ነዋ የምትሄደው።

ማዕረግ፦ የአራት ወር ልጅ ምን ታይ፣ ምን ቸገረህ? መኪናው ድንገት ሲቆም ወንበሩ አንገቷን ይደግፍላታል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ለገሰ፦ ድንገት ሲቆም። [ጥቂት አሰበ።] ይሄ ሁሉ ትምህርት መኪናው ይቆማል ተብሎ ነው?

ማዕረግ፦ መኪና ካልቆመ ምን ያደርጋል?

ለገሰ፦ ይሄዳል።

ማዕረግ፦ ተመስገን፣ እሱ ገብቶሃል። በል የኋላውን በር ክፈት።

[በሩ ተከፈተ። ውስጡ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፣ በክስ የሚፈላለጉ ጎረቤታሞች ይመስል ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ቀበቶ የሚባል የለም።]

ለገሰ፦ ይኸውልዎ። እዚህ ወደ ፊት ወደ ኋላ ብሎ ነገር የለም። ወደ ግራ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው።

ማዕረግ፦ [አገጩን ይዞ] ከሾፌር ጀርባ። መልሱ ከሾፌር ጀርባ ነው። ለምን በለኝ።

ለገሰ፦ ለምን?

ማዕረግ፦ ሾፌር አደጋ ሲያይ ሳያስበው ራሱን ያድናል። ራሱን ሲያድን ከጀርባው ያለውንም ያድናል። ሳይንስ ነው።

ለገሰ፦ እኔ ግን ከብት ሲገባብኝ መሪውን ወደ ቀኝ ነው የማዞረው።

ማዕረግ፦ ለምን ወደ ቀኝ?

ለገሰ፦ ከብቱ ከግራ ሲመጣ ነዋ።

ማዕረግ፦ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ! ስለ ከብት ማን አወራ? ስለ ሰው ተፈጥሮ ነው የምነግርህ። በል ከሾፌር ጀርባ ያለውን ዕቃ አውርደው።

[ለገሰ አወረደ። ትርፍ ጎማ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አካፋ፣ የሦስት ዓመት የስብሰባ ባነር። አንዱን አውርዶ፣ እጁን ጠርጎ፣ ወደ መንገዱ ታች አይቶ ነው ሌላውን የሚያነሳው። ማዕረግ ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ሰዓት አልፏል።]

ለገሰ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ።

ማዕረግ፦ ጠይቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ለገሰ፦ ጎን ለጎን ካሰርናት፣ ዳገት ስንወጣ ወደ ኋላ በር ትንሸራተታለች። ቁልቁለት ስንወርድ ወደ እኔ ትመጣለች። ለየትኛው ነው የምናስራት?

[ማዕረግ ይህን ስላይዱ ላይ አላየውም። ቢሆንም አላየሁም አይል ነገር።]

ማዕረግ፦ እስከ ዋጫ ስንት ዳገት፣ ስንት ቁልቁለት አለ?

ለገሰ፦ ሲኬድ ነው ሲመለስ? ሲመለሱ እኮ ዳገቱ ቁልቁለት ይሆናል።

ማዕረግ፦ ሲኬድ!

ለገሰ፦ ቆይ ልቁጠራቸው። [በጣቱ መቁጠር ጀመረ። መሃል ላይ ጠፋበት፤ ከቦንጋ መውጫ እንደገና ጀመረ። እንደገና ጠፋበት።] ወይስ በየዳገቱ እየቆምን እናዙራት?

ማዕረግ፦ ተወው፣ ተወው። መሃል! ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ አግዳሚዎች መሃል። ከግራም ከቀኝም እኩል ይርቃል፤ ፊቷም ወደ ኋላ ይዞራል። እንዴት እስካሁን አልታየኝም?

ለገሰ፦ ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለ። ስንሄድ መንገዱ ይታያል።

ማዕረግ፦ ስፋቱ ምን ያህል ነው?

ለገሰ፦ ባለፈው የጎረቤቴ የአበዛሽ ዶሮ ወጥታበታለች።

[ማዕረግ ሸሚዙ ጥላሸት እስኪለብስ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን በስንዝር ለካ። ልጁን አሰበ። ይህን ሁሉ የሚለፋው ለፕሮቶኮል ብቻ አይደለም፤ ቤዚ ስታስነጥስ እንኳ የሚደነግጥ አባት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ለአማቱ የተያዘውን የማንኪራ ጫካ ማር ከነባልዲው አመጣ።]

ማዕረግ፦ ሙከራ እናደርጋለን። ቤዚ ስድስት ኪሎ ተኩል ናት፣ ማሩም ከዚያ ቢያንስ ትንሽ ነው። ከሾፌር ጀርባ፣ ወንበሩን ትንሽ ሰያፍ አድርገን፣ ማሩን አስቀምጠንበት በገመድ እናስረዋለን።

ለገሰ፦ ማሩም ፊቱን ወደ ኋላ ነው?

ማዕረግ፦ ማር ምን ፊት አለው?

ለገሰ፦ ክዳኑ ላይ የተጻፈበት በኩል ፊቱ ይመስለኛል።

ማዕረግ፦ እሺ፣ ጽሑፉን ወደ ኋላ አዙረው። ገመዱን ያዝ።

[አሰሩ። ለገሰ ቋጠሮው ላልቷል ብሎ ፈታ። አሰሩ። ጠብቋል ብሎ ፈታ። ማዕረግ በመጨረሻ ራሱ አሰረ፣ ባልዲውን ገፋ፣ ሳበ፣ ቢገፋም ቢሳብም ንቅንቅ አላለም። ላቡን ጠርጎ ከማሩ ጎን ተቀመጠ። አምስት ሰዓት ሆኗል። ደስ ብሎታል።]

ማዕረግ፦ አየህ ጋሽ ለገሰ? ዕውቀት ማለት ይሄ ነው። ይቺን ወንበር ዛሬ በካፋ ምድር የሚስተካከላት የለም። በል ልደውልላትና ልጅቷን ይዛ ትውጣ።

ለገሰ፦ ይደውሉ። አሁን ጥሩ ሰዓት ነው።

ማዕረግ፦ [በስልክ] አልጣሽ፣ ወንበሩ አልቋል፤ ቤዚን ይዘሽ ነይ... የት?... ዋጫ?... መቼ ሄደሽ?... በሚኒባስ?... አባትሽ ጭን ላይ ተኝታለች?... እንዴ፣ ሳትነግሪኝ?... ማን ነው ቶሎ ውጪ ያለሽ?

[ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ቀስ ብሎ ወደ ለገሰ ዞረ።]

ማዕረግ፦ አንተ?

ለገሰ፦ እኔ ነኝ። ጠዋት ቁልፍ ልቀበል በጓሮ ስገባ ነገርኳት።

ማዕረግ፦ ምን ብለህ?

ለገሰ፦ ፍሬን የለንም ብዬ።

[ማዕረግ አንገቱን ወደ ጋቢናው አስግጎ ፔዳሎቹን አየ።]

ለገሰ፦ ሦስት ሳምንት ሆናት። ከተማ ውስጥ በማርሽ እያስታገስኩ አዘግማታለሁ። የዋጫን ቁልቁለት ግን ያቺን ሕፃን ይዤ አልወርድም።

ማዕረግ፦ ታዲያ አልሄድም አትልም? ሦስት ሰዓት ሙሉ ስታስለፋኝ!

ለገሰ፦ ባለፈው ወር በጎማው ነገር አልሄድም ብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ኃላፊን እምቢ ማለት ያስቀጣል። አልገባኝም ማለት ግን አያስቀጣም። ሚኒባሱ ዋጫ እስኪደርስ አልገባኝም።

ማዕረግ፦ የፍሬን ጉዳይ እኮ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው! በአፍ ብትነግራት ሚስቴ ምን ታደርጋለች?

ለገሰ፦ በጽሑፍ ሦስት ጊዜ አቅርቤአለሁ። ሦስተኛው ላይ መልስ ሰጥተውበታል።

ማዕረግ፦ እኔ? ምን ብዬ?

[ለገሰ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀት አወጣ። ዘረጋው። አማርኛውን እንደ ልማዱ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ አነበበው።]

ለገሰ፦ «ከተሽከርካሪ ደህንነት ሥልጠና ስመለስ ይታያል። ማዕረግ።» ፊርማም አለው።

[ማዕረግ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ፊርማው የሱ ነው፤ ያውም ያማረ። የቤዚን አንገት አሰበ። ወረቀቱን የማሩ ክዳን ላይ ዘረጋው።]

ማዕረግ፦ እስክሪብቶ አለህ ጋሽ ለገሰ? አሁኑኑ ልፈርምልህ።

ለገሰ፦ አለኝ። ግን ከመኪናዋ ወርደው ይፈርሙ፤ የያዛት አንድ ድንጋይ ነው።